ረዳቱን ትቶ የሄደው አሠልጣኝ

አንባቢዬ፤ አንድ የእግር ኳስ ቡድን አዲስ አሠልጣኝ ሲሾም ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሹሙ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ረዳቱ ማን እንደ ሆነ ነው።

እንግሊዛዊውን ብራያን ክላፍን ይመልከቱ (ዘመኑን በፈረንጅ አቈጣጠር ይያዙልኝ)። ክላፍ አንደበቱ የማያርፍ ሰው ነበር። ረዳቱ ፒተር ቴይለር ደግሞ ተጫዋች የሚመርጥበት ዐይን ነበረው፤ ከዚህም በላይ ክላፍን «ይህስ አይሆንም» ለማለት ይደፍር ነበር። ሁለቱ ተባብረው ደርቢ ካውንቲን ከሁለተኛ ዲቪዚዮን አንሥተው በ1972 የእንግሊዝ ሻምፒዮን አደረጉት።

በ1974 ክላፍ ሻምፒዮኑን ሊድስ ዩናይትድን እንዲመራ ተጠራ። ቴይለር ግን ብራይተን ቀረ። ክላፍ ጂሚ ጎርደንን ለልምምድ ይዞ መሄዱ አይካድም፤ ዳሩ ግን ልምምድ የሚያሠራና አለቃውን የሚገሥጽ ሰው ለየቅል ናቸው። ክላፍ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ፣ ሜዳያችሁን በማታለል ያገኛችሁት ነውና ጣሉት አላቸው ይባላል። እጁን የሚይዘው ማን ነበር? በ44 ቀን ተሰናበተ።

እርስዎስ ነገ የአንድ ክፍል ሹም ቢሆኑ፣ ማንን ነው ከአጠገብዎ የሚያስቀምጡት? የአክስትዎን ልጅ? ወይስ «አቤት ጌታዬ» ባዩን?

ቴይለር በ1976 ኖቲንግሃም ፎረስት ገብቶ ከክላፍ ጋር እንደገና ተገናኘ። ፎረስት በ1978 የእንግሊዝ፣ በ1979ና በ1980 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። በ1983 በአንድ ተጫዋች ምክንያት ተጣሉ፤ ቴይለር በ1990 እስኪሞት ድረስም አልታረቁም። ክላፍ ያለ ቴይለር የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም።