ከትዝታ የጎደሉት ሁለት ድምፆች

እዚህ ሃይፋ፣ ቂርያት ሐይምም ይሁን ነቬ ዮሴፍ፣ የልጅ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይህችን ያውቃታል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ቦርሳውን ወርውሮ ሐሊሊቱን ያወጣል፣ መንፋት ይጀምራል። የሚያውቀው ሦስት ድምፅ ብቻ ነው፤ እነሱኑ እየደጋገመ ጆሮ ይበሳል። አያትም ትንሽ ይታገሱና "ኧረ ተው ልጄ፣ ራሴን አመመኝ!" ይላሉ። ልጁም ሐሊሊቱን ወደ ቦርሳው ይመልሳል።

ዛሬ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን አንድ ነገር ልንለምን ነው፦ እባካችሁ አታስቁሙት።

የአንደኛ ደረጃ የሙዚቃ መምህርት ሥራዋ ቀላል አይደለም። ቤቱ አማርኛ የሚሰማውንም፣ ሩሲያኛ የሚሰማውንም፣ ዕብራይስጥ ብቻ የሚያውቀውንም አንድ ክፍል ውስጥ ታስቀምጣለች። መጀመሪያ በጭብጨባ፣ ቀጥሎ በከበሮ፣ ቀጥሎ በሐሊሊት አንድ ላይ እንዲሄዱ ታስተምራቸዋለች። ማንበብ የከበደው፣ በሌላ ትምህርት እጁን የማያወጣው ልጅ ምቱን ቀድሞ ሲይዝ ጓደኞቹ ዞር ብለው ያዩታል። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት የሚሄደው እንደ በፊቱ አይደለም። ኮንሰርቫቶሪዮን ደግሞ በክፍያ ነው፤ መሣሪያውም ገንዘብ ይጠይቃል። ልጅ ለበዛበት ቤት የሙዚቃው በር ያቺ ክፍል ብቻ ናት።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከእኛም መካከል "ሙዚቃ የአዝማሪ ነው፣ ለጨዋ ልጅ አይሆንም" እየተባልን ያደግን ብዙ ነን። ግን እኮ ያለ ዜማ ኖረን አናውቅም። ቄሶቻችን በግዕዝና በአገውኛ ያን ሁሉ ጸሎት የያዙት በጆሯቸው ነው፤ ልጅ ሆነው ከታላላቆቻቸው እየሰሙ። በበዓል ነጋሪቱና መጥቅዑ ነበር። ሰርጉም፣ አጨዳውም፣ እሹሩሩውም የየራሱ ዜማ ነበረው።

ሕፃናትን ሙዚቃ ያስተማረ ሰው ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ የሚያሳይ ታሪክም አለን። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ አርመን ልጆች የናስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ወደዷቸውና ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው፤ "አርባ ልጆች" የተባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ከጊዜ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተማረ። የአገሪቱ ዘመናዊ ሙዚቃ አንዱ ሥሩ እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ መሣሪያ በተሰጣቸው ወላጅ አልባ ልጆች ዘንድ ነው።

አሁን ወደ ሐሊሊቱ እንመለስ። ልጆች በአብዛኛው ቀድመው የሚማሯቸው ሦስት ድምፆች ሲ፣ ላ እና ሶል ናቸው። በእነዚህ ላይ ሬ እና ሚ ሲጨመሩ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? የትዝታ ቅኝት! አምስቱ ድምፅ ሞላ ማለት ነው። ጆሮአችንን የበሳው ልጅ ከትዝታ የሚያርቀው ሁለት ድምፅ ብቻ ነበር። ሁለቱን ድምፅ መምህርቷ ታሳየዋለች። ዜማውን ግን ከየት ታምጣው? እሱ ያለው እናንተ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ወደ ትምህርት ቤቱ ሂዱ። "ዕብራይስጤ ደካማ ነው" አትበሉ፤ ለማንጎራጎር ዕብራይስጥ አያስፈልግም። ማሲንቆ ወይም ክራር ያለው ይዞ ይሂድ፤ የሌለው አንድ እሹሩሩ፣ አንድ የሰርግ ዘፈን ይበቃዋል። የጸሎቱ ዜማ የቄሶቻችን ነው፤ እሱ መቼና እንዴት እንደሚሰጥ እነሱ ይወስኑ። የቀረው ግን ካሁኑ ካልተሰጠ አብሮን ይቀበራል።

ለሃይፋ ርዕሳነ መምህራንና ለከተማው የትምህርት ክፍልም የምንለው አለን። ሲግድ በሕግ የአገር በዓል ከሆነ ከ2008 ወዲህ በየዓመቱ እንጀራና እስክስታ ይዘን እንድንመጣ እንጠራለን፤ እናመሰግናለን። ግን በዓመት አንድ ቀን መጥቶ የሚሄድ ነገር ትምህርት አይሆንም። የሙዚቃውን ሰዓት አትቀንሱት፤ መሣሪያ መግዛት ላልቻለ ቤተሰብ አውሱ፤ ሽማግሌዎችንም በተራ ቀን ወደ ክፍል ጥሩ።

በ2020 ኤደን አለነ "ፍቅር ልቤ" የሚለውን ዘፈን ለዩሮቪዥን ስታዘጋጅ አማርኛው ከዕብራይስጡና ከዓረብኛው ጎን ቆሞ ነበር። ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ቢሰረዝም፣ የእኛ ቋንቋ በዚያ መድረክ ቦታ እንዳለው ልጆቻችን አይተዋል። እቤት ውስጥስ ቦታ አለው?

ነገ ልጁ ሐሊሊቱን ሲያወጣ "ተው" ከማለት ይልቅ "እስቲ ደግመህ ንፋልኝ" በሉት። ከዚያም እናንተ አንጎራጉሩለት፤ ይከተላችኋል።