«አራተኛው የታለ?»

ባለፈው እሑድ ቡና እያፈላሁ የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ የካርቶን ሣጥን ይዞ መጣ። «እማማ፣ ይኸው ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ አለው። አራተኛው የታለ?» አለኝ። «ተፈጥሮው ነው፤ ሂድ እጅህን ታጠብ» አልኩት። ፊቱ ጨለም አለ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። እናቱም ልጅ ሳለች፣ ከአዳር ሥራ ደክሜ ስገባ እንዲሁ እመልስላት ነበር፤ ቀስ በቀስ መጠየቅ ተወች።

ስለዚህ ለዛሬ ያዘጋጀሁትን ትቼ ይህንኑ ጥያቄ ላንሣላችሁ።

ከማውቀው ከሰው አካል ልጀምር። በወረቀት ላይ እንደተሣለ ሥዕል ርዝመትና ወርድ ብቻ ቢኖረን ኖሮ ምን እንሆን ነበር? ምግብ በአፍ ገብቶ፣ በአንጀት አልፎ፣ በሌላ በኩል መውጣት አለበት። የወረቀቱን ሰው ከአፉ እስከ መቀመጫው በዚያ መስመር ቁረጡት፤ ለሁለት ይከፈላል። የደም ሥሮችም አንዱ በሌላው ላይ ተሻግሮ ማለፍ አይችልም። ሁለት አይበቃንም ማለት ነው።

አራት ቢሆንስ? እዚህ ላይ የራጅ ክፍሉ ትዝ አለኝ። ባለሙያው ሁልጊዜ «ራቅ በሉ!» ይለን ነበር። ከማሽኑ የምትቆሙበትን ርቀት እጥፍ ብታደርጉት የሚደርስባችሁ ጨረር ግማሽ ሳይሆን ሩብ ይሆናል። ጨረሩ እየራቀ ሲሄድ ወደ ጎንም ወደ ላይና ወደ ታችም ስለሚበተን ነው፤ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት። የፀሐይ ስበትም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። አራተኛ አቅጣጫ ቢጨመር ግን ስበቱ የሚበተንበት ስለሚበዛ፣ በእጥፍ ርቀት ላይ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል።

የኦስትሪያ ተወላጁ ፊዚሲስት ፖል ኤረንፌስት እ.ኤ.አ. በ1917 ይህ ምን እንደሚያስከትል በስሌት አሳይቷል። እኛ ባለንበት ዓለም ምድር ጥቂት ብትነቀነቅ ምህዋሯ ትንሽ ይለወጣል እንጂ መዞሯን አትተውም። በአራት ግን ትንሽ ንቅናቄ ይበቃል፤ ወይ ወደ ፀሐይ ትወድቃለች፣ ወይ ርቃ ትሄዳለች።

ይህ ሦስቱ ለሕይወት የሚመቹ መሆናቸውን ይነግረናል፤ መጀመሪያውኑ ሦስት ለምን እንደሆኑ ግን አይነግረንም። ለዚያ የፊዚክስ ሊቃውንትም እስካሁን የተስማሙበት መልስ የላቸውም። ሌሎች አቅጣጫዎች አሉ፣ ግን እጅግ ጠበው ስለተጠቀለሉ አናያቸውም የሚሉ አሉ። የልብስ ማስጫ ገመድ ከሩቅ ሲታይ መስመር ብቻ ነው፤ በላዩ ለምትሄድ ጉንዳን ግን ዙሪያም አለው። እስካሁን እነዚህን አቅጣጫዎች በሙከራ ያገኘ የለም።

ማታ ልጁን ጠርቼ ወረቀትና መቀስ ሰጠሁት። ሰውዬው ለሁለት ሲከፈል በሣቅ ፈረሰ። ወዲያው፣ «ጊዜስ አራተኛ አይሆንም?» አለኝ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አብረን እንፈልጋለን» አልኩት።

እናቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማን ነበር። «እማዬ፣ እኔ ስጠይቅሽ ቤት ውስጥ መቀስ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ እየሣቀች።

ነበር፣ ልጄ። ወላጆች፣ እናንተ ዛሬውኑ አውጡት።