ስም የሚጻፍባቸው ዕቃዎችና የጥድፊያ ትእዛዝ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በከተማችን ንግድ ውስጥ አንድ ገበያ እየሰፋ መምጣቱን አንባቢዎቻችን ሳይመለከቱት አልቀሩም። ይኸውም የድርጅት ምልክት፣ የበዓል ቃል ወይም የተቀባዩ ስም የታተመበት ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ ኩባያ፣ እስክሪብቶና ማስታወሻ ደብተር በትእዛዝ የሚሠራበት ንግድ ነው። ሠርግ የደገሰ፣ ልጁ የሚመረቅለት፣ ሠራተኞቹን ለአዲስ ዓመት ሊያመሰግን የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ሁሉ ደምበኛ ነው። ይህን ሥራ ከያዙት ውስጥ ብዙዎቹ ከሁለትና ከሦስት ሠራተኛ በላይ የሌላቸው ትናንሽ ቤቶች ሲሆኑ፣ ትእዛዙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመቶ የሚቈጠር ሆኖ፣ በዓሉም ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ሲቀረው ነው። በጸሐፊነት የማገለግልበት ቤትም ከጽሕፈት መሣሪያ ሽያጭ ጋር ይህንኑ ሥራ ስለሚሠራና ትእዛዙን የምቀበለው፣ ደረሰኙንም የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ፣ ያለኝን አሳብ ለንግዱ ማኅበረሰብ ለማቅረብ እወዳለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ በነጋዴው ዘንድ ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንደኛው «የመጣ ትእዛዝ አይመለስም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትልቅና አስቸኳይ ትእዛዝ ለትልቅ ማተሚያ ቤት ይተው የሚል ነው። በበኩሌ ከሁለቱም ጋር አልስማማም።

ትልቁ ማተሚያ ቤት የሚወደው ሥራ አንድ ዓይነት ሆኖ ብዛት ያለውን ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ተሳታፊዎቹ 10,000 ነበሩ፤ ሯጩ ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት መልበሱም የታወቀ ልማዱ ነው። አሥር ሺህ አንድ ዓይነት ቲሸርት ማተም ከባድ ቢመስልም፣ ለየቀለሙ አንድ አንድ ስክሪን ከተዘጋጀ በኋላ የቀረው እጅ የለመደውን መደጋገም ነው። አራት መቶ ኩባያ በአራት መቶ ሰዎች ስም መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ኩባያ የመጀመሪያው ነውና። ትልቁ ቤት እንዲህ ላለው ሥራ መኪናውን ማቆም አይፈልግም። ስለዚህ ይህ እንጀራ የትንሹ ቤት ነው፤ ትንሹም ቤት በሥርዓት ሊይዘው ይገባዋል እንጂ ሊሸሸው አይገባም።

ሥርዓት የምለው በመጀመሪያ ሒሳቡን ነው። በኩባያ ላይ በሰብሊሜሽን የሚታተም ስም በሂት ፕረስ ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ይቈያል፤ ማስገባቱና ማውጣቱ ሲጨመር አምስት ደቂቃ ልንለው እንችላለን። አንድ መኪና በሰዓት 12፣ ሁለት መኪና 24፣ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን 192 ኩባያ ያወጣሉ። አምስት መቶ ኩባያ ማክሰኞ ማታ ታዞ ለዓርብ ጧት ይድረስ ቢባል፣ ረቡዕና ሐሙስ ተሠርቶ የሚገኘው 384 ነው፤ 116ቱ የሌሊት ሥራ ይሆናል። መብራት በየቀኑ አራት ሰዓት ቢጠፋ ደግሞ የቀኑ ሥራ በግማሽ ይወርድና አምስት መቶው ከአምስት ቀን በላይ ይፈጃል። ስሞቹን መጻፍ፣ መመርመርና በካርቶን ማሸግ በዚህ ቈጠራ ውስጥ አልገባም። ይህ ሁሉ ወረቀትና እርሳስ ብቻ የሚጠይቅ ነው፤ ነገር ግን ደምበኛው ከፊት ቆሞ «ይደርሳል ወይ?» ሲል፣ ሳይደምሩ «ይደርሳል» የሚሉ ቤቶች ብዙ ናቸው። «ሦስት መቶ ሰማንያውን ዓርብ፣ የቀረውን ቅዳሜ ማታ» ብሎ መመለስ ደምበኛን ያርቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ እስከ ዛሬ የታዘብሁት ግን የሚያርቀው ዓርብ ጧት የሚነገረው ምክንያት ነው።

በጥድፊያ ጊዜ የሚመጣ ሌላ ፈተና አለ። በስክሪን የሚታተመው የፕላስቲሶል ቀለም እንዲጸና ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልገዋል። ቀኑ ሲያጥር የሚቈረጠው ይህ የማድረቂያ ጊዜ ነው፤ ሲያስረክቡት ያማረው ጽሑፍም በመጀመሪያው እጥበት ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ ሥራውን የሚያዘገየው ግን መኪናው ሳይሆን የስሙ ዝርዝር ነው። የፊደላችን ነገር የታወቀ ነው። ፀሐይ የሚባሉ ሁለት ሴቶች አንዷ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላይቱ በጸሎቱ ጸ ይጽፋሉ፤ ኃይሉ፣ ሐይሉና ሀይሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። በደብዳቤ ላይ ቢሳሳት የሚታለፈው ፊደል በስጦታ ኩባያ ላይ አይታለፍም፤ ስሙ ተለውጦ የደረሰው ሰው የተከበረ ሳይሆን የተረሳ ይመስለዋልና። የትኛው ፊደል ትክክል እንደሆነ የሚወስነው አታሚው ሊሆን አይገባም። ደምበኛው ዝርዝሩን በየገጹ ፈርሞ ይስጥ፤ አታሚውም ከዚያ አንዲት ፊደል አይለውጥ። ዝርዝሩ በኮምፒዩተር የመጣ እንደሆነ በዩኒኮድ የተጻፈ መሆኑ በዚያው ቀን ይመርመር፤ በቀድሞው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ፊደሉ በሌለበት መኪና ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይወጣልና፣ ይህን በሥራው ሌሊት ማወቅ ከባድ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ረቡዕ ቀን የ420 ሰዎች ዝርዝር ላከልን። ሐሙስ ማታ በቴሌግራም 31 ስም ጨመረ፤ ከፊተኞቹም አሥራ አራቱን አረመ፤ ከታረሙት ውስጥ ዘጠኙ አስቀድሞ ታትመው ነበር። በማግስቱ የመጣው ሰው የጠየቀው ስለ ተጨመሩት 31 ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ክርክር የሚያስቀረው የማስረከቢያው ቀን ከየት እንደሚቈጠር አስቀድሞ መጻፍ ነው። ቀኑ የሚቈጠረው ከመጀመሪያው ንግግር ሳይሆን፣ ናሙናው ከጸደቀበት፣ ዝርዝሩ ከተዘጋበትና ቅድሚያው ገንዘብ ከተከፈለበት ሰዓት መሆን አለበት። ከዚያ ወዲያ የሚጨመር ስም የራሱ ዋጋና የራሱ ቀን ይኖረዋል። የጥድፊያም ዋጋ በግልጽ ተለይቶ ይጻፍ፤ በዕቃው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ሲገባ ደምበኛው በሌላ ጊዜ ቀደም ብሎ ለማዘዝ ምክንያት አያገኝም። መስከረም 1፣ የካቲት 23 እና የምረቃው ወራት በድንገት የሚመጡ አይደሉምና።

ስለ ቅድሚያው ገንዘብ ጥቂት ልጨምር። ስም የተጻፈበት ኩባያ ለሌላ ሰው አይሸጥም። ስለዚህ የሚከፈለው ቅድሚያ ቢያንስ ባዶውን ዕቃና የማተሚያውን ወጪ መሸፈን አለበት። በደረሰኙ ላይ የምንጽፈው ቃልም ቀላል ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ቀብዱን ለቅቆ ከውሉ ሊወጣ ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ግን ከውሉ ለመውጣት እጥፉን መመለስ አለበት። እንግዲህ 40,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ቤት አልችልም ብሎ ውሉን ቢተው የሚመልሰው 80,000 ብር ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ቀብዱ ትንሽ ከሆነ ደምበኛው ትንሹን ገንዘብ ትቶ ሲሄድ፣ አራት መቶ ባለስም ኩባያ በመደርደሪያችን ላይ ይቀራል። ገንዘቡ ቀብድ ነው ወይስ ከዋጋው የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ የሚለው በውሉ ላይ ተለይቶ ይጻፍ። ስለ መዘግየት መቀጫ የተፈለገ እንደሆነም ቁጥር 1889 ተዋዋዮች ልኩን አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል፤ ከፀብ ይልቅ ይህ ይሻላል።

ለአስመጪዎችም የምለው አለ። ባዶ ኩባያና ባዶ ቲሸርት የምንገዛው ከእናንተ ነው። ከሁለት ጭነት የመጣ ነጭ ቲሸርት ነጭነቱ አንድ አይደለም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ላይ ጎን ለጎን ሲታይ ይታወቃል። ካርቶኑ ላይ የጭነቱ ቁጥር ቢጻፍና ለአንድ ትእዛዝ ከአንድ ጭነት ቢሰጠን ታላቅ ውለታ ነው። ጥጥና ፖሊስተርም ተለይቶ ይነገረን፤ ሰብሊሜሽን በጥጥ ላይ አይዝምና። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የባዶው ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ እኛም ለደምበኛ የምንሰጠው ዋጋ እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና እየጻፍን እንስጥ። ለብልሽት የሚያዘውም ትርፍ ባዶውን እንዲቀመጥ አሳስባለሁ፤ የትኛው ስም እንደሚሰበር ማን ያውቃል?

አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን ሦስት ጎረቤት ቤቶች ሊችሉት ይችላሉ። ነገር ግን ስምምነቱ በዓሉ ሳይደርስ፣ የአንዱ ኩባያ ዋጋና የብልሽቱ ኃላፊነት በጽሑፍ ተወስኖ መያዝ አለበት፤ በሌሊት በስልክ የሚደረግ ልመና ዋጋውን ያንረዋል፣ የቀለሙንም አንድነት ያሳጣል።

ምክር ቤታችንም ለአባሎቹ አንድ ገጽ የትእዛዝ ቅጽ ቢያዘጋጅ፣ የናሙናው ፊርማ፣ ዝርዝሩ የተዘጋበት ሰዓት፣ የክፍያው ዓይነትና የጥድፊያው ዋጋ የሚሞሉበት ቦታ ቢኖረው፣ ብዙ ክርክር ይቀር ነበር። በቤታችን የምንገለገልበትን ቅጽ ለመነሻ ያህል ለጽሕፈት ቤቱ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ፤ የቤቱም ባለቤት ፈቅደዋል።