ሽፍታ ሳልሆን ጫካ ገባሁ!

አንድ ወጣት ጠያቂያችን «የሦስት ዓመት ፍቅረኛዬ ከተለየችኝ ወዲህ ሰው ሁሉ አስጠላኝ። ለማንም ሳልናገር ሁለት ሦስት ቀን ብቻዬን ራቅ ያለ ቦታ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?» ሲል ጽፎልናል። ወንድሜ፣ መሄዱስ ደግ ነው። «ለማንም ሳልናገር» የምትለዋ ግን አስደነገጠችኝ። ለምን እንደሆነ የራሴን ጉድ ላውጋህና ራስህ ፍረድ።

ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ ታክሲ እየነዳሁ እኖር በነበረበት ጊዜ እኔም እንዳንተው ሆንኩ። እሷ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች፤ ከቤቱ ጋር ተፋጠጥን። ጓደኞቼ ፉትስክሬይ ወዳለው የሀበሻ ምግብ ቤት እየጎተቱ ይወስዱኛል። ሁሉም ይመክራል! ምክሩ ከክትፎው በላይ ቃር ሆነብኝ። አንድ ጥቅምት ላይ አሮጌዋን ላንድክሩዘሬን አስነሳሁ።

እዚያ አገር ሰው ፎር ዊል መኪናውን ጭኖ ብቻውን ጫካ ቢያድር ማንም አይገርመው። እኛ ዘንድ ግን ብቻውን ጫካ የሚገባ ወይ ባሕታዊ ነው ወይ ሽፍታ! መሳቂያ እንዳልሆን ፈራሁና «ሲድኒ ዘመድ ልጠይቅ ነው» ብዬ ዋሸሁ። ሲድኒ በሰሜን ምሥራቅ፣ የእኔ መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ!

የሄድኩበት ቦታ ሊትል ዴዘርት ይባላል፤ «ትንሹ በረሃ» እንደ ማለት ነው። ባላራትንና ሆርሻምን አልፋችሁ፣ ከሜልቦርን 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትነዱ ዲምቡላ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከዚያ ወዲያ አሸዋው ይጀምራል። ትንሽ ይበሉት እንጂ ከ130 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። በረሃ መባሉም ለአሸዋው ነው እንጂ ዝናብማ ያገኛል፤ ቁጥቋጦና ድንክ ባሕር ዛፍ ሞልቶታል (አዎ፣ የእኛው ባሕር ዛፍ ትውልዱ እዚያ ነው)። በ1969 እ.ኤ.አ. መንግሥት ለእርሻ ሊሸነሽነው ሲነሳ ሕዝቡ ጮኾ አስጥሎታል።

የመጀመሪያዋ ሌሊት… እንዴት ልንገራችሁ! ድንኳኔን ከትልልቅ ዛፎች ራቅ አድርጌ ተከልኩ፤ ትልቁ ባሕር ዛፍ ነፋስ ሳይነካው እንኳ ድንገት ቅርንጫፉን ይጥላልና። በጋዝ ምድጃ ላይ ጀበና ጣድኩ። ቡናውን ብቻዬን ጠጣሁ፤ ቡና ብቻውን ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ሰማዩ ላይ የደቡብ መስቀል የሚሉት የከዋክብት ስብስብ ይታያል። ሰሚ አልነበረምና ለቀቅ አድርጌ አለቀስኩ። ለወራት ያልመጣ እንቅልፍ መጣልኝ።

በማግስቱ የማሊፎውልን ክምር አየሁ። ዶሮ የሚያክል ወፍ ነው። ቅጠልና አሸዋ ከምሮ ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ውስጥ ትቀብራለች፤ ሙቀቱን በመንቁሩ እየለካ 33 ዲግሪ አካባቢ እንዲቆይ የሚለፋው ወንዱ ነው፤ የዓመቱን አብዛኛውን ወር! ጫጩቶቹ ግን ቆፍረው ወጥተው አባታቸውን ዞር ብለው ሳያዩ ይሄዳሉ። «አይ ወንድሜ፣ አንተም አለህ?» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ጥጋቤ መጣ። በ36 የተነፋ ጎማ አሸዋ አይገባም፤ ጎማው ተንጣሎ እንዲረግጥ ወደ 18 ገደማ ይተነፈሳል። አውቃለሁ! ግን ይህችን አሸዋ ናቅኳት። መሀል ላይ ያዘችኝ። ነዳጅ ስሰጣት ጎማዎቹ የራሳቸውን ጉድጓድ ቆፈሩ፤ መኪናዬ በሆዷ ተኛች። ሞባይሌን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ሞተሩን ሳጠፋ ያ ማታ የጣፈጠኝ ጸጥታ ጉሮሮዬን አነቀኝ።

ያኔ ነው ውሸቴ ትዝ ያለኝ። እዚህ ብቀር ጓደኞቼ የሚፈልጉኝ የት ነው? ሲድኒ! የምትፈልገኝ ሚስት የለችኝም፣ አለቃዬም ፈቃድ ሰጥቶኛል። ሳምንት ቢያልፍ ማን ልብ ይለኛል?

እግሬ «ወደ አስፋልቱ ሂድ» አለኝ። ባልሄድኩ ጊዜ የተረፍኩ ይመስለኛል። በዚያ አገር መኪናውን ጥሎ በእግሩ ወጥቶ በውሃ ጥም የቀረ ብዙ ነው፤ መኪና ከአውሮፕላን ይታያል፣ ሰው አይታይም። ሃያ ሊትር ውሃ ነበረኝ። ጎማዎቹን እስከ 16 አስተነፈስኩ፤ በአካፋ ሦስት ሰዓት ቆፈርኩ፤ ቅርንጫፍና የመኪናውን ምንጣፍ ከጎማው ሥር ወተፍኩ። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ቀስ ብላ ወጣችልኝ። መሪውን አቅፌ ሳምኩት!

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። የምገባበትን መንገድና የምመለስበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ጽፌ ብተው በቂ ነበር። ሞባይል በማይሠራበት ቦታ ደግሞ ሲጫኑት በሳተላይት በኩል ካንቤራ ያለውን የነፍስ አድን ማእከል የሚጠራ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ኪስ ይገባል። ከዚያ ወዲህ እሱን ሳልይዝ ከአስፋልት አልወረድኩም።

ዲምቡላ ስደርስ ኔትወርክ መጣ። ጎማዬን እየነፋሁ ለአንዱ ጓደኛዬ ደወልኩ።

«ሲድኒ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ሲድኒ አይደለሁም» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አራቱም ጎማ ተነፍቶ እስኪያልቅ ሰደበኝ። አንድ ቃል አልመለስኩም፤ ስድቡ ጣፈጠኝ። በመጨረሻ ዝም አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ለመሆኑ እዚያ ገጠር በግ ርካሽ ነው እንዴ?» አለኝ።