ክሪክ ብቻውን አይታመንም

ሰሞኑን በደብረ ብርሃን ቅዳሜና እሑድ በየግቢው በክሪክ የተነሳ መኪና ማየት ተለምዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና የማስገባቱን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የምንዛሪ ለውጡ ሲመጣ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮ ወጣ። ስለዚህ ሰው ያለችውን ዲኤክስ እየጠገነ ይነዳል።

የልጄ ባልም እንዲሁ ነው። «እማዬ፣ ለጋራዥ የምከፍለው እኮ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው» ሲለኝ፣ ልክ ነህ ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ነገር ግን ልጆቹን ጭኖ አንኮበር ወላጆቹን ሊጠይቅ የሚሄደውም በዚያችው መኪና ነው። እኔ ደግሞ በሥራ ዘመኔ ከመኪና ሥር ተጎድተው የመጡ ሰዎችን ተቀብያለሁ። ስለዚህ ሥራውን በሦስት ከፍለን ተስማማን።

አንደኛው በዓይንና በእጅ የሚታወቅ ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ቆሞ አንዱን ማዕዘን ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁት። ወዲያው ከረጋ ደህና ነው፤ ደጋግሞ ከዘለለ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል። ሾኩ ላይ ዘይት መፍሰሱን፣ ጎማው ቦታ ቦታ እየመረጠ መበላቱን፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን መዝመሙን፣ ባሌስትራ ካለውም የተሰነጠቀ ንጣፍ መኖሩን እዩና ጻፉ። የተበላሸውን አውቆ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ደህናው ዕቃ አይቀየርበትም። ትልቁ ቁጠባ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ልምድና ደህና መፍቻ ላለው ሰው ነው። ባሌስትራ ባለው ፒክአፕ ላይ ለብቻው የታሰረውን የኋላ ሾክ መቀየር፣ ያለቀ ላስቲክ መተካት ይቻላል። ሾክ የሚቀየረው ግራና ቀኙ አንድ ላይ ነው። የላስቲኮቹ ቡሎን ደግሞ ጨርሶ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ከቆመ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠማዞ ቶሎ ይቀደዳል።

ሦስተኛው በቤት የማይነካ ነው። የዲኤክስ የፊት ሾክ ሞላው ታምቆ በላዩ የተቀመጠበት ነው። ሞላው በመጭመቂያ ሳይያዝ የላይኛው ዳዶ ከተፈታ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ መንጋጋም ጣትም አይምርም። በሽቦ ወይም በገመድ ማሰር አያድንም። ይህንንና መሪውን ከጎማ የሚያገናኙትን መጋጠሚያዎች ለባለሙያ ተዉ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መጋጠሚያ ቢላቀቅ መሪው ለሹፌሩ አይታዘዝም።

አሁን ወደ ክሪኩ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። በክረምት የግቢያችን አፈር ጭቃ ስለሆነ ክሪኩ ይሰምጣል፣ ያዘነብላል። መኪናው ጠንካራ ደልዳላ ወለል ላይ ይቁም፤ መሬት የነኩት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ መኪናው በብረት ማቆሚያ ላይ ካልተቀመጠ ማንም ከሥሩ አይግባ። ብሎኬት ማቆሚያ አይሆንም፤ ሳይታሰብ ይፈረካከሳል። ሠሪው ብቻውን አይሁን። የእኛ የአያቶች ድርሻ ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ ልጆቹን ከአካባቢው ማራቅ ነው።

ክፉ አይምጣ እንጂ ሰው ከሥር ቢያዝ መጀመሪያ መኪናውን አንስታችሁ ደግፉ፤ ሰውየውን በእጁ አትጎትቱት። የሚፈሰውን ደም በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ ቡና አትነስንሱበት። አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው አታስቀምጡት። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል የሚበላም የሚጠጣም አትስጡት። ደረቱ ወይም ሆዱ ተጭኖ ከነበረ፣ ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው፤ ወደ ውስጥ የሚፈስ ደም ከውጭ አይታይም።

ለበዓል ዘመድ ጥየቃ ከመነሳታችሁ ሳምንት ቀደም ብላችሁ የመኪናችሁን አራት ማዕዘን ተጭናችሁ ሞክሩ። ጉድለት ከተገኘ ለማሠራት ጊዜ ይኖራችኋል።

ደህና ሰንብቱ።