ፊደሉን ፎቶ አታድርጉት

ሰሞኑን አንድ መሥሪያ ቤት ከሁለት ዓመት በፊት ያወጣውን ማስታወቂያ ለዘገባ ፈልጌ ነበር። ርዕሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ጎግል ላይ ጻፍኩት፤ የለም። ድረ ገጻቸው ላይ ፈለግኩ፤ የለም። የቴሌግራም ቻናላቸውን በጣቴ እየገፋሁ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከሄድኩ በኋላ ተገኘ። ፎቶ ነው! ማኅተም ያለበት፣ ተንጋዶ የተነሣ ፎቶ።

የሚያናድደው፣ ደብዳቤው መጀመሪያ የተተየበው በኮምፒውተር ነው። ጽሑፍ ነበረ። አትመው፣ ማኅተም መትተው፣ በስልክ ፎቶ አንሥተው ገደሉት።

«ሐሰተኛ ደብዳቤ ስለበዛ ማኅተሙ መታየት አለበት» ይላሉ። ወገን፣ ማኅተም በፎቶሾፕ መሥራት እኮ ቀላል ነው። ማስረጃው በራሳችሁ ቻናልና ድረ ገጽ ላይ መውጣቱ ነው።

ዲዛይነሮቻችንም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ድረ ገጽ የሚሠራ ወዳጄ «የአማርኛ ፎንት ስለማያምር ርዕሱን በፎቶ ነው የማስገባው» አለኝ። በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ዘመን ቢሆን እሺ፤ ያኔ ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣ ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም አቢሲኒካም በነፃ ይገኛሉ፤ ፎንቱን ከገጹ ጋር አብሮ መጫንም ይቻላል። ካላማረህ የመስመር ክፍተቱንና መጠኑን አስተካክል። ሙያህ እሱ አይደል እንዴ?

ሒሳቡን እንሥራ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ የሚይዘው 3 ባይት ነው። 1,500 ፊደል ያለው ማስታወቂያ 5 ኪሎ ባይት አይሞላም። ፎቶው ግን ብዙ መቶ ኪሎ ባይት ሊደርስ ይችላል። ልዩነቱን የሚከፍለው የቀን ፓኬጅ ገዝቶ ሥራ የሚፈልገው ልጅ ነው።

ከሱ የባሰም አለ። ማየት የተሳናቸው ወገኖቻችን ስልካቸው ጽሑፍ ያነብላቸዋል። ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን «ምስል» ብሎ ያልፋል። የሥራ ቅጥሩም፣ የምዝገባ ቀኑም፣ የፈተና ውጤቱም ለነሱ «ምስል» ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ስምምነቱ ኢንተርኔትንም ይጨምራል።

«አሁን ኤአይ ፎቶም ያነባል» የምትሉ አላችሁ። እናንተ የጻፋችሁትን ማሽን እንዲገምትላችሁ ለምን ትፈልጋላችሁ? አንድ ቀን ወይም አንድ ቁጥር ቢሳሳት ማን ይጠየቃል?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ጽሑፎቼን ፖስተር አሠርቼ ብቻ የለጠፍኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ላይክ አገኙ፤ ዛሬ እኔ ራሴ ፈልጌ አላገኛቸውም።

ፖስተር ይቅር አላልኩም። ፖስተሩን ለጥፉ፤ ከሥሩ ጽሑፉን ጨምሩ። ኮፒ ፔስት ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።