ሩጫው ሲያልቅ ዳጉው ይጀምር

ወገኖቼ፣ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፉት ዓመታት "ለወገን ደራሽ ወገን ነው" እየተባለ በየከተማው የተሮጠውን ሩጫ አስታውሱት። ቲሸርቱ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ምናልባት አሁንም ቤት ውስጥ ለብሳችሁት ይሆናል። ገንዘቡስ? ስንት ተሰበሰበ? ማን ተቀበለ? ለማን ደረሰ? ይሄን መመለስ የሚችል ከመካከላችን ስንት ሰው አለ?

ይሄን የምፅፈው ሩጫን ለማጣጣል አይደለም። እንደውም ተቃራኒው ነው። እኛው ራሳችን፣ አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ ላይ፣ በአንድ ቀን በአንድ ሰዓት፣ ሁለት ሁለት ሆነን የ5 ኪሎ ሜትር የጎዳና ላይ ሩጫ ለወገናችን እንሩጥ እያልኩ ነው። ግን ሩጫው ሪባኑ ጋ አይለቅ። የሚያልቀው ሂሳቡ በአደባባይ የተነበበ ዕለት ይሁን።

ለምን አሁን? አፋር ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ሩቅ ላለው ግን ልናገር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ መሬቱ አላርፍ አለ። ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የተኛውን ሰው ሳይቀር በሌሊት ደጅ አስወጥቷል። ታህሳስ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል፣ 5.8 የተባለው መንቀጥቀጥ ደረሰ። መንግሥት በአፋርና በኦሮሚያ ለአደጋ ከተጋለጡ ቀበሌዎች ወደ 80 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዲነሳ እየተደረገ መሆኑን ያስታወቀው ያኔ ነው። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ስንት ቤተሰብ ጎጆውን ጥሎ፣ ከብቱን ነድቶ፣ ሸራ ስር ገባ።

ዜናው ጥቂት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ሌላ ዜና መጣ። የተሰነጠቀ ግድግዳ ግን ሌላ ዜና መጣ ተብሎ አይገጥምም።

ከዚያ በፊት ደግሞ ጎርፉ ነበር። በ2012 ክረምት መውጫ አዋሽ ሞልቶ ከአሚባራ እስከ አሳይታ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አፈናቅሏል። ላይኛውና ታችኛው ሸለቆ አደጋው ተራ በተራ ይደርሳቸዋል፤ አንዱ ሲናወጥ ሌላው ይጠለቀለቃል። አዋሽና ሰመራን በመንገድ የሚለያያቸው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የሚያገናኛቸው ግን ይሄው አንድ ወንዝ ነው። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ አዋሽ ከተማን አልፎ፣ በሰመራ ጎረቤት በዱብቲ ዞሮ፣ አቤ ሀይቅ ላይ ያበቃል። ባህር አይደርስም። ያለውን ሁሉ በመንገዱ ላይ ላለው ሰጥቶ ነው የሚጨርሰው።

አንዳንዶቻችሁ "ታላቁ ሩጫ አለ አይደል እንዴ?" ትሉኛላችሁ። አለ፣ እናከብረዋለን። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ህዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር የሮጠው 10 ሺህ ሰው ነበር፤ ያንን የመጀመሪያ ውድድር ያሸነፈውም መስራቹ ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ነው። ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይሮጥበታል፤ ከጎኑም ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበሰብበታል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ከሰመራ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው። ትራንስፖርቱን፣ አልጋውን፣ ምግቡን ደምሩት። ዲግሪውን ፍሬም አስገብቶ ቤት ለተቀመጠ ልጅ ይሄ ወጪ የማይታሰብ ነው። ደግሞስ እዚያ ድረስ ለመሄድ የምናወጣው ብር እዚሁ ቢቀር ስንት ሸራ ይገዛ ነበር? ኃይሌን ማክበር ማለት አዲስ አበባ ሄዶ ፎቶ መነሳት ብቻ አይደለም። እሱ እንዳደረገው በራስ ከተማ መጀመርም ነው።

አሁን "ሁለት ሁለት ሆነን" ወዳልኩት ልምጣ። እኔ አዋሽ ነው ያለሁት። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የጨረሰው ጓደኛዬ ሰመራ ነው። እሱም እንደኔ ስራ ፈላጊ ነው። ጠዋት ጠዋት እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ እንሮጣለን፤ ከዚያ ተደዋውለን እንተቻቻለን። "ዛሬ አልወጣሁም" ለማለት የሚያሳፍረኝ ሰው ስላለ ብቻ የወጣሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ጓደኛ ማለት ይሄ ነው፤ አይዞህ ባይም ጠያቂም።

ከውጭ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ቴሪ ፎክስ የሚባል ካናዳዊ ወጣት ነበር። አጥንቱን በያዘው ካንሰር ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሰራሽ እግር ሀገሩን ከዳር እስከ ዳር ልሩጥ ብሎ ተነሳ፤ ለካንሰር ምርምር ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ለመሰብሰብ። ከኋላው መኪናውን እየነዳ፣ ምግቡን እያዘጋጀ የተከተለው ዳግ አልዋርድ የሚባል የልጅነት ጓደኛው ነው። መንገድ ላይ እስከ መኮራረፍ ደርሰዋል፤ ግን ጥሎት አልሄደም። ቴሪ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጦ በሽታው ተመልሶ አስቆመው፤ በ1981 አረፈ። ከመሞቱ በፊት ግን የተሰበሰበው ከ24 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር፤ ያኔ የካናዳ ህዝብም ወደ 24 ሚሊዮን ነበር። ልብ በሉ፣ ይሄ ልጅ በሩጫው ማንም ነጋዴ እንዲያተርፍበት አልፈለገም። በስሙ የሚደረገው ሩጫም እስከ ዛሬ አሸናፊ የለው፣ ሜዳሊያ የለው።

ከእኛ ደግሞ ደራርቱ ቱሉ አለችላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ማራቶን ላይ ፓውላ ራድክሊፍ ደክማ ወደ ኋላ ስትቀር ደራርቱ ዞር ብላ እንድትከተላት አበረታታቻት። ያንን ውድድር ያሸነፈችው ራሷ ደራርቱ ነች። ሌላውን መጠበቅ ለሽንፈት ይዳርጋል ያለው ማነው?

ስለዚህ የእኛ ሩጫ ህግ ቀላል ነው። ምዝገባው በጥንድ ነው። ሰዓት የሚያዘው ሁለተኛው ሰው ሲገባ ነው። ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይጠብቃል። በእኛ ሀገር ሙቀት ይሄ የጨዋታ ህግ ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው። አጠገብህ የሚሮጠው ልጅ መንገዳገድ ከጀመረ፣ ወሬው ከተምታታበት፣ ሩጫው እዚያ ጋ አበቃ፤ ጥላ ስር አስገባው፣ ውሃ አፍስስበት፣ ሀኪም ጥራ። ብቻውን የሚሮጥን ሰው ማን ያየዋል?

አሁን ወደ ብሩ። ለምሳሌ ብቻ የማወጣው ሂሳብ ነው፤ ስልካችሁ ላይ ደምሩት። በሁለቱ ከተሞች 300 ጥንድ ተመዘገበ እንበል፤ 600 ሰው። እያንዳንዱ 200 ብር ቢያወጣ 120,000 ብር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 150 ብር የሚያወጣ ቲሸርት ካሳተምን 90,000 ብር ለቲሸርት ሄደ። ለወገን የቀረው 30,000 ነው። ያውም ባነሩ፣ ሞንታርቦው፣ የ"ክብር እንግዳው" ምሳ ሳይቆጠር። ታዲያ ማንን ነው የረዳነው፣ ቲሸርት አሳታሚውን?

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከፍዬ ሮጫለሁ። ስለ ገንዘቡ አንድም ሪፖርት አላየሁም። ስጠይቅ "አንተ ምን አገባህ?" የሚል ፊት ነው ያሳዩኝ። 

ስለዚህ ቲሸርት የለም። ያላችሁን ልበሱ። እህቶቻችን በለመዱት ልብስ፣ ሻሻቸውን እንዳደረጉ ይሩጡ። ቁጥር በወረቀት ፅፎ በመርፌ ቁልፍ መያዝ ይበቃል። ውሃ በጀሪካን ከየሰፈሩ ይመጣል። እናቶች ይሄን ለማድረግ ከእኛ በላይ ዝግጁ ናቸው።

ሂሳቡስ? እዚህ ላይ ከውጭ መቅዳት አያስፈልገንም። አፋር ምድር ላይ ዳጉ አለ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላል። ያየውን እንዳየው፣ የሰማውን ከማን እንደሰማው ለይቶ ይናገራል። ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ። የተሳሳተ ወሬ ያስተላለፈ ሰው ክብሩን ያጣል፣ በባህሉ ህግም ይጠየቃል። ኢንተርኔት ሳይኖር በረሃውን በወሬ ያዳረሰ ስርዓት ነው። ታዲያ ለከብትና ለዝናብ ወሬ እንዲህ የሚጠነቀቅ ህዝብ መሀል እየኖርን የወገን ብር ላይ "በግምት" እንናገር?

የኔ ሀሳብ ይሄ ነው። የአዋሽን ሂሳብ የሰመራ ልጆች ይመርምሩት፣ የሰመራን ደግሞ የአዋሽ ልጆች። ጓደኛ የጓደኛውን ደረሰኝ ይቁጠር። ከሩጫው በኋላ በ7 ቀን ውስጥ ሶስት ነገር ይነገር፦ ስንት ገባ፣ በምን ወጣ፣ ማን እጅ ደረሰ። ስልክ ለያዘ ሰው ፖስት ይደረግ። ስልክ ለሌለው ደግሞ በገበያ ቀን፣ በመስጊድና በቤተክርስቲያን ደጅ፣ በአማርኛም በአፋርኛም ይነበብ። የተረዳውን ሰው ፊት ግን ፎቶ አናንሳ። ደረሰኝ ይበቃናል፤ የሰው ችግር ማስረጃ አይደለም።

ከመሮጣችን በፊት ደግሞ ሄደን እንጠይቅ። ሸራ ነው የሚፈልጉት? የውሃ ታንከር ነው? የልጆች ደብተር ነው? የፍየል መድኃኒት ነው? ሰው ያልጠየቀውን ብርድ ልብስ ይዞ 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መምጣት እርዳታ አይባልም።

ስራውንም በወጉ እንስራው። ለከተማው አስተዳደርና ለፖሊስ በደብዳቤ እናሳውቅ፤ ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚያስፈልገውን ፈቃድ እንያዝ። የጅቡቲ መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ ተሳቢ እየበረረ ሰው አይሮጥበትም። ስለዚህ ወይ ትራፊክ ፖሊስ ይዝጋልን፣ ወይ በውስጥ ለውስጥ መንገድ እንሩጥ። ቀይ መስቀልን እንጥራ። ወሩ ከህዳር እስከ ጥር ባለው ቀዝቀዝ የሚልበት ጊዜ ይሁን፤ ረመዳን ከገባበት እናሸጋሽገው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስተን ፀሐይዋ ሳትበረታ እንጨርስ። ብሩ በአንድ ሰው ስልክ ሳይሆን ሶስት ሰው በሚፈርምበት የባንክ ሂሳብ ይግባ።

"ይሄ እኮ ትንሽ ነው፤ ቤት መስራትና ሰው ማስፈር የመንግሥት ስራ ነው" የሚል አለ። ልክ ነው፣ የመንግሥት ስራ ነው። 120,000 ብር ለ80 ሺህ ሰው ምንም አይደለም። በሩጫ መንደር አይሰራም። ይሄን ደብቄ ላታልላችሁ አልፈልግም። ግን አንድ ነገር አስቡ። እኛ ወጣቶች በየቀኑ "የህዝብ ገንዘብ የት ገባ?" እያልን እንጮሃለን። መብታችን ነው። ሆኖም ለጩኸታችን ክብደት የሚሰጠው በእጃችን የገባውን ትንሽ ብር እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ቆጥረን ስናሳይ ነው። የ120,000 ብርን ደረሰኝ በአደባባይ ያነበበ ልጅ የሚሊዮኑን ሲጠይቅ "አንተ ምን አገባህ?" የሚለው አይኖርም። ሀገር መውደድ በፕሮፋይል ፎቶ አይለካም። አደራ ተቀብሎ አደራ በመመለስ ነው።

"ስራ የሌለው ምን ይሰጣል?" የሚሉንም አሉ። እግር አለን። ጊዜ አለን። ሂሳብ የተማርን አለን፣ ጤና የተማርን አለን፣ ደብዳቤ መፃፍ የምንችል አለን። አንድ ሩጫ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ሙያ ሁሉ በየሰፈሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። 200 ብር የሌለው ልጅ ደግሞ ውሃ ያድል፣ መንገድ ይጠብቅ፣ ደረሰኝ ይፃፍ፤ እሱም ከሯጮቹ እኩል ይቆጠር።

እንግዲህ ይሄን አንብባችሁ "ጎበዝ" ብላችሁ አትለፉ። ዛሬ ማታ አንድ ጓደኛ ምረጡ። ፈጣን የሆነውን ሳይሆን "ብሩስ?" ብሎ የሚጠይቃችሁን። ነገ ጠዋት አብራችሁ ውጡና 2 ኪሎ ሜትር ሞክሩ። ከዚያ በየከተማችሁ አምስት ጥንድ ሁኑና ደብዳቤውን ፃፉ። እኔና ጓደኛዬ የመጀመሪያው ጥንድ ነን፤ እሱ የኔን ደረሰኝ ሊቆጥር፣ እኔ የሱን ልቆጥር ተስማምተናል። ሁለተኛው ጥንድ ማነው?